አራት ጭብጨባ

እናቴ የመርሳት በሽታ እንደያዛት ያወቅኩት በስምንት ዓመቴ ነው። ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። ዝም ብዬ የጠረጠርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ማስረጃ ነበረኝ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ ታሪኩን ሳወራው ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ዛሬ ዘፈን የረሳች እናት ነገ ልጇን እንደማትረሳ በምን ይታወቃል?

የምንኖረው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥር ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ባለው ግቢ ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን የሚያሳልፈው መንገድ ላይ ነው። እናቴ ሽመና ክፍል ትሠራለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት መቶ ማሽን በአንዴ ሲንቀሳቀስ ሰው ጆሮ ሥር ገብታችሁ ብትጮሁ እንኳ አትሰሙም። ስለዚህ ሴቶቹ የሚነጋገሩት በከንፈር ነው። ድምፅ ሳያወጡ ቃሉን በአፋቸው አፍታተው ይሠሩታል፣ ከወዲያኛው ጥግ የቆመችው ደግሞ ታነበዋለች። ስንት ሐሜት፣ ስንት የሠርግ ወሬ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ጸጥ ብሎ አልፏል። እነሱ «የከንፈር ወሬ» ይሉታል።

እናቴ ይህን የከንፈር ወሬ ቤት ይዛው ትመጣ ነበር። እኔም አፌን ከመፍታቴ እኩል ተማርኩት። ከመንገድ ማዶ ሆና፣ በመስኮት፣ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል፣ አንዲት ድምፅ ሳታወጣ ትቆጣኛለች። ሌላ ልጅ ሲሰደብ ሰፈር ይሰማለታል፣ አማላጅ ይደርስለታል። እኔ ግን በሰው መሀል ከላይ እስከ ታች ተሰድቤ፣ አንድም ቃል ሳያመልጠኝ ሁሉንም አንብቤ፣ ደህና እንደዋለ ሰው ፈገግ እላለሁ። የሚያስጥለኝ አልነበረም።

ሰፈራችን አንድ ዘፈን ነበረው። የፋብሪካው ባንድ ዘፈን ነው፤ ባንዱ እኔ ሳልወለድ ፈረሰ፣ ዘፈኑ ግን ቀረ። ሴቶቹ ልብስ ሲያጥቡ ይዘፍኑታል፣ እኛ ገመድ ስንዘል እንዘፍነዋለን፦

ክሩ ሲበጠስ ቀጠልኩት በእጄ፣
ማን ይቀጥልልኛል ሲበጠስ ልጄ?
ቁሙ እህቶቼ ቁሙ ከጎኔ፣

ከዚያ አራት ጊዜ እናጨበጭብና እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ለምን እንደምናጨበጭብ ጠይቄ አላውቅም። ዘፈኑ ሲፈጠር እንዲያ ሆኖ የተፈጠረ ነበር የሚመስለኝ። እናቴ ስትዘፍን ግን ሰምቻት አላውቅም። ጎረቤቶቿ ሲዘፍኑ እሷ አንገቷን ደፍታ ልብስ ትጨምቃለች፤ ጭብጨባው ጋ ሲደረስ ብቻ እጇን ከአረፋው አውጥታ አራቱን ታጨበጭባለች።

ባለካሜራዋ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ኪሱ የበዛ ሰደርያ የምትለብስ፣ ስትራመድ የምትቸኩል፣ ሰው ሲያወራላት ግን የማትቸኩል ወጣት ነበረች። ስለ ባንዱ ዘጋቢ ፊልም ልትሠራ ነው ተባለ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ፋብሪካው የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር የተቀረፀ አሮጌ ፊልም ከአንድ መጋዘን አግኝታለች። እዚያ ላይ ባንዱ ያንኑ ዘፈን ሲዘፍን ይታያል፤ አራተኛው ስንኝ ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ ጥፍት ይላል፣ ከስንኙ በኋላ ይመለሳል። ሰው ሆን ብሎ ያጠፋው እንደሆነ ለሁሉም ትናገር ነበር። ያንን ስንኝ ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረች።

እኛ ቤት የመጣች ቀን እናቴ ደህናውን ሻርፗን አስራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔን ጓዳ ግቢ ብላኛለች፤ ጓዳችን ግን በአንድ መጋረጃ ስለሚለይ ያው አብሬ እንደመቀመጥ ነው። ባለካሜራዋ ብዙ ጠየቀቻት። የባንዱ ዘፋኝ እናቴ እንደነበረች የሰማሁት ያኔ ነው። ክው አልኩ። እኔ የማላውቃት እናት፣ መድረክ ላይ የምትወጣ፣ እናንተ እንደምትሉት ታዋቂ ሴት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ካልሲዬን ስትጠቅምልኝ ኖራለች። በመጨረሻ ባለካሜራዋ ያቺ የጠፋችው ስንኝ ምን እንደምትል ጠየቀቻት። እናቴ መዳፏን ቀሚሷ ላይ አሻሸች።

«ረሳሁት» አለች።

ከሦስት ዓመት በፊት የተዋሱባትን ወንፊት ከነዕለቱ፣ ከነሰዓቱ የምታስታውስ ሴት ናት እንግዲህ። ረሳሁት የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። መጋረጃውን ይዤ ቆምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርመራ ገባሁ። የተወለድኩበትን ቀን ጠየቅኳት፤ መለሰች። የመጀመሪያ ጥርሴ የት ነው የወለቀው አልኳት፤ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ፣ ከነዳቦው ልትውጪው ስትይ ከአፍሽ ያወጣሁልሽ አለችኝ። ትንሽ ተጽናናሁ። በማግስቱ ግን በአክስቴ ስም ጠራችኝ። እናቶች ሁሉ የሚያደርጉት ነገር ነው፤ እኔ ራሴ ዛሬ ልጄን ስጠራ ሁለት ስም ተሳስቼ ሦስተኛው ላይ ነው የምደርሰው። ያኔ ግን በቃ፣ ነገሩ እየባሰ ነው አልኩ። እራት ላይ ስንት ጣት እንዳለኝ ብጠይቃት ትኩሳት ያለኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ሌላ ዘዴ ፈለግኩ። ከደብተሬ አንድ ወረቀት ቀድጄ ጻፍኩባት፦ «ልጅ አለሽ። ሴት ናት። ቤትሽ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ነው። ሻይ በሁለት ስኳር ነው የምትጠጪው። ልጅሽን በጭራሽ አትቆጪያትም።» የመጨረሻዋን የጨመርኩት በዚያው ጥቅም ላግኝባት ብዬ ነው። አጣጥፌ ሰማያዊ የሥራ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተትኩላት።

ወረቀቷ ያን ቀን ሽመና ክፍሉን በሙሉ እንደዞረች የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ሴቶቹ ከማሽን ወደ ማሽን እየተቀባበሉ አንብበዋት በሳቅ ሲንፈራፈሩ ተቆጣጣሪው ምን እንደተፈጠረ ግራ ገብቶት ነበር አሉ። እናቴም ስትስቅ ዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታለቅስ ያገኘቻት ጓደኛዋ ናት፤ ይህንንም የነገረችኝ እሷው ናት።

ወረቀቷ ለውጥ እንዳላመጣች ሳይ ወደ ሕክምና ዞርኩ። የፋብሪካው ክሊኒክ ከእኛ ግቢ ሦስት ቤት አልፎ ነው፤ ሦስት ክፍል፣ አንዲት ነርስ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ሐኪም። በሩ ላይ የሚቀመጠውን ዘበኛ ጋሼ ከበሮ እንለዋለን፤ ባልዲም ይሁን ወንበር፣ ያገኘውን ነገር ሁሉ በጣቱ ስለሚመታ ነው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ማሽን ነው የበላቸው ይባል ነበር። ማሽን አልነበረም፤ ግን ለልጅ እንዲያ ነው የሚነገረው። እኔን ስለ ሁሉም ነገር ስለምጠይቅ «ተቆጣጣሪዋ» ብሎ ነው የሚጠራኝ።

«ጋሼ፣ የመርሳት መድኃኒት አለ?» አልኩት።

ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለእማዬ ነው፣ ዘፈኑን ረስታዋለች፣ ለባለካሜራዋ ስትናገር ሰምቻታለሁ አልኩት። ባልዲው ላይ ሲደልቁ የነበሩት ጣቶቹ ቆሙ። ወደ ግቢያችን አቅጣጫ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እንደመሳቅ አለ።

«እሷ ከረሳችው እኔም ረስቼዋለሁ» አለኝ።

ተላላፊ ነው ማለት ነው! ቆይቼ ሳጣራማ ነገሩ ከዚያም የከፋ ሆኖ አገኘሁት። የባንዱ አኮርዲዮን ተጫዋች ለባለካሜራዋ ረሳሁት ብሏታል። ዳቦ ጋጋሪው ረሳሁት ብሏታል። ሽመና ክፍል የሚሠሩት ሴቶች አንድ ሳይቀሩ ረስተዋል። ሰፈሩ በሙሉ በበሽታው ተይዟል፣ እኔ ብቻ ነኝ ጤነኛ የቀረሁት። ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት ክሊኒኩ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ፋብሪካውን የገዛው አዲስ ባለቤት ቤቱን ለዕቃ ማከማቻ ስለሚፈልገው ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ክሊኒኩ ይዘጋል ይላል። እናቴን የት ነው የማሳክማት? አዋቂዎቹ እየመጡ ማስታወቂያውን ያነባሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ምን ይደረጋል ብለው ይሄዳሉ። ልቅደደው ብዬ ዘለልኩ፣ ቁመቴ አልደረሰም። ጋሼ ከበሮ እያየኝ ነበር፤ አላገዘኝም፣ አልከለከለኝምም።

ፊልሙ አልቆ የታየው እሑድ ከምሳ በኋላ በሠራተኞች ክበብ ነው። የአዳራሹን መስኮቶች በፋብሪካው ጥቁር ጨርቅ ሸፍነዋቸዋል። ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እናቴ ስብሰባም ይሁን ሠርግ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው፤ ያን ቀን ግን እጄን ይዛ እየጎተተች ሁለተኛው ረድፍ መሀል ላይ አስቀመጠችኝ፣ እሷም አጠገቤ ሆነች። ከፊታችን የፋብሪካው አስተዳዳሪ ተቀምጧል፤ ጸጉሩ አንድም የተዛነፈ የለውም። ፊልሙ ሳይጀመር ተነስቶ ያለፈውን ማስታወስ ጥሩ እንደሆነ፣ ወደፊት መሄድ ግን የበለጠ ጥሩ እንደሆነ፣ ክሊኒኩም ቢሆን ሌላ ሰፈር ዘመናዊ ሆስፒታል ስላለ ማንም እንደማይጎዳ ነገረን። ሰው አጨበጨበለት። ሁለት አውቶቡስ ተቀይሮ የሚደረስበት ሆስፒታል ነው፤ ያንን ሁሉም ያውቃል፣ ግን አጨበጨበለት።

መብራቱ ጠፋና ፊልሙ ተጀመረ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ መሣሪያውን ከቁም ሳጥን አውጥቶ አቧራውን ሲጠርግ ሰው ሳቀ። ጋሼ ከበሮ በባልዲ ሲመታ እልል አሉለት። ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ አንዱ ረሳሁት፣ ሌላው ረሳሁት፣ እናቴም አልጋው ጫፍ ላይ ሆና ረሳሁት። አዳራሹ ውስጥ ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይኸው በሽታው በሰው ሁሉ ፊት ወጣ አልኩ።

ቀጥሎ አሮጌው ፊልም መጣ። ቀለም የለውም፣ እዚህም እዚያም ተጭሯል። የፋብሪካው ግቢ፣ ከፊት ክራባት ያሰሩ እንግዶች፣ ከኋላ ሠራተኛው። መድረኩ ላይ ጋሼ ከበሮ ከነአሥር ጣቱ ከበሮ ይመታል። መሀል ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ቆማለች። እናቴ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ይቺኛዋ እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች፣ ያቺኛዋ ግድግዳው ላይ አፏን ከፈተች። ክሩ ሲበጠስ ቀጠልኩት በእጄ። ድምፅዋ ወፍራምና ጥርት ያለ ነበር፣ አዳራሹን ሞላው። ቁሙ እህቶቼ ቁሙ ከጎኔ አለች፣ ድምፁም ጠፋ።

አዳራሹ በልማድ አጨበጨበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ግድግዳው ላይ ያለችው እናቴ ግን አላጨበጨበችም። መዝፈኗን ቀጥላለች፤ መስኮት የሚያክለው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔም ከመንገድ ማዶ ሆና ስታናግረኝ እንደማየው አየሁት፣ ገባኝም። አራት ቃል ነው። ጭብጨባው ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም። መድኃኒቱ ተገኘ። የረሳችውን ግድግዳው ላይ ያለችው ራሷ እየነገረቻት ነው። ተስፈንጥሬ ተነሳሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩት፦

«ሐኪሙ ሳይመጣ አይዞርም ማሽኔ!»

ከዚያ ወደ እናቴ ዞሬ፣ «እማዬ፣ አገኘሁልሽ» አልኳት።

ባለካሜራዋ ፊልሙን አቆመችው። መብራት በራ። ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል፤ ያልገባኝ ግን ማንም አለመገረሙ ነው። አሁን ሳስበው የሚገርም ነገር አልነበረም። ከባለካሜራዋና ከአስተዳዳሪው በቀር አዳራሹ ውስጥ ያንን ከንፈር ማንበብ የማይችል ሰው ቢኖር ከሁለትና ሦስት አይበልጥም ነበር። ሁሉም አንብበውታል። አንብበው ነው ያጨበጨቡት።

አስተዳዳሪው ዞር ብሎ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀ። ሁሉም ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። ያኔ ከወደ በሩ አንድ ወንበር ተንቋቋ፣ ጋሼ ከበሮ ተነሳ።

«ተቆጣጣሪዋ፣ እኔ አልሰማሁም» አለ። «ጆሮዬን ማሽን ነው የበላው። እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። አሁንም አልሰማሁም አለ። ሽማግሌው እንዲህ ደንቁሯል እንዴ ብዬ አዘንኩለትና ሦስተኛውን ልጮህ አየር ስስብ ከጎኔ ሌላ ድምፅ ወጣ። እናቴ ነበረች። ተቀምጣ ነው የጀመረችው፣ ስትጨርስ ቆማለች። ያ ወፍራም ድምፅ ሻክሯል፤ መሀል ላይ ተሰነጠቀባት፣ ግን አላቆመችም። ማሽኔ ስትል ጀርባችን ያለችው ሴት ተቀበለቻት፣ ከዚያ አጠገቧ ያለችው፣ ከዚያ ግድግዳውን የተደገፉት። ከመጀመሪያው ጀምረው እስከ መጨረሻው ዘፈኑት፣ አንድም ሰው አላጨበጨበም። አስተዳዳሪው በጎን በር ወጥቶ ሄደ። ባለካሜራዋ ካሜራዋን አንስታ እየቀረፀች እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። እኔ ደግሞ እናቴ ዳነች ብዬ ደስታዬን አልችለው አልኩ።

እናቴ ግን አንድም ቀን ረስታው አታውቅም። ያ የፋብሪካው የምሥረታ በዓል ከመድረሱ ሦስት ቀን በፊት የአንዲት ሸማኔ ጓደኛዋ ሕፃን በትኩሳት ሞቶ ነበር። ፋብሪካው ሐኪም አልነበረውም፣ እናቲቱም ከማሽኗ እንድትሄድ አልተፈቀደላትም። ያቺን ስንኝ እናቴ ራሷ፣ መድረኩ ላይ ቆማ፣ ዘፈኑን ሳታቋርጥ ነው የፈጠረቻት። በማግስቱ ሁለት መቶ ማሽን ቆመ። በአራተኛው ቀን ሐኪም መጣ፣ ክሊኒኩም እንደዚያ ነው የተሠራው። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ስንኟን ማን እንደገጠማት ፖሊሶች ሊጠይቁ መጡ። ከበሮ መቺው የእኔ ናት አለ። እናቴ ዝም አለች። እሱ ሰባት ወር ታስሮ ሁለት ጣቱ የማይታጠፍ ሆኖ ወጣ፣ ወደ ሽመና ሥራውም አልተመለሰም። ሰፈሩ ስንኟ በተነሳች ቁጥር እሱ እንዳይጠየቅባት ብሎ ረሳናት አለ፤ በቦታዋ አጨበጨበ። ረሳሁት ማለት የሰፈሩ ሰው እርስ በርሱ የገባው ቃል ነበር፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልተነገረኝ።

ሰኞ ማለዳ ግቢያችን በሴት ተሞላ። ባለፉት ዓመታት ስብሰባ ሲጠሩ ያልሄዱ ሰዎች እኛ ደጃፍ ቆመው ይከራከራሉ። ተከራክረው ተከራክረው የሚያውቁትን ነገር አደረጉ፤ ክሊኒኩን እንደ ፋብሪካው በፈረቃ ያዙት። ከሥራ የወጣው ፈረቃ ወንበሩን ይዞ በሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው መጥቶ ሲረከበው እሱ ሄዶ ይተኛል። የመጣውን የዕቃ መኪና ሴቶቹ ሹራብ እየሠሩ በር ላይ ጠበቁት፤ ሾፌሩ ዞሮ ሄደ። ዳቦ ጋጋሪው የተረፈውን ዳቦ ይልካል። ሞቶ የነበረው የሠራተኛ ማኅበር ተነስቶ ሊቀመንበር መረጠ፣ ሰዎች ደብዳቤ ይዘው ማዘጋጃ ቤት ተመላለሱ። ባለካሜራዋም ያን እሑድ በፊልሟ መጨረሻ ላይ ጨምራ በሌሎች ፋብሪካዎች ሰፈር እየዞረች አሳየችው። በሄደችበት ሁሉ ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ቁጭ ብሎ የራሱን ችግር ያወራል ብላ ለእናቴ ጻፈችላት። አንዱ ሰፈር የውኃ ቧንቧ፣ አንዱ የሕፃናት ማቆያ ጠይቆ ተነሳ። የእኔም የተከፈተ አፍ፣ ሁለት ጥርስ የጎደለው፣ በሰው አገር ሁሉ ታየ። ለዚህ ባለካሜራዋን እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ እናቴን የፋብሪካው ቢሮ ጠሯት። ያኔ ነው የፈራሁት፤ በእኔ ጩኸት መሆኑ ገብቶኛል። ስንኟን ለልጅሽ ማን አስተማራት ብለው ጠየቋት። እኔ ነኝ፣ ያኔም የገጠምኳት እኔ ነበርኩ ብላ ተናግራ መጣች። ለስድስት ወር ጥጥ ማጽጃ ክፍል ወረወሯት፤ ስድስት ወር ሙሉ ስታነጥስ ኖረች። ጋሼ ከበሮ ይህን ሲሰማ አሥራ አምስት ዓመት የያዝኩልሽን ነገር በአንድ ጠዋት አበላሸሽብኝ ብሎ ሦስት ቀን አኮረፋት። በአራተኛው ቀን ባልዲውን ይዞ ግቢያችን መጣ፣ እናቴ እያነጠሰች ዘፈነች፣ እሱ በስምንት ጣት መታ። ከሳቃችን ብዛት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ።

ክሊኒኩ አልተዘጋም። ዘጠኝ ሳምንት ከተቀመጡበት በኋላ ሁለቱ ክፍሎች ለሕክምና ቀሩ፣ ሦስተኛው ዕቃ ማከማቻ ሆነ፤ ዛሬም ዕቃ ማከማቻ ነው። እናቴ እስካሁን በዚያ በር ስታልፍ ፊቷን ታጨማድዳለች።

አሁን ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ነገር አትረሳም፣ ወንፊቷንም ጭምር፤ ጆሮዋ ግን ሄዷል፣ የሽመናው ጩኸት ቀስ በቀስ ወስዶታል። እኛ ለመነጋገር ስላልቸገረን ብዙም አላዘንን። በወር አንድ ጊዜ ደም ግፊቷን ለመለካት እዚያው ክሊኒክ እወስዳታለሁ። ወጣቷ ነርስ እየጮኸች ስታናግራት እናቴ በትሕትና ራሷን ትነቀንቃለች፣ ወደ እኔ ዞራ በከንፈሯ ግን ይቺ ልጅ ሳንባዋን ልትጨርሰው ነው ትለኛለች።

ባለፈው ወር አግዳሚው ላይ ተራ እየጠበቅን ያን እሑድ አነሳሁባት። ምን እንዳነሳሳኝ እንጃ። በከንፈር ነው የምናወራው፣ ጎናችን ያሉት ሰዎች ዝም ብለን የተቀመጥን መስሏቸዋል። ያኔ ሳላውቅ ጉድ ሠራሁሽ አይደል፣ በአንድ ጩኸት ቢሮ አስጠራሁሽ አልኳት። ሠላሳ አራት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር ነበር። እናቴ እንደ ልጅነቴ ትክ ብላ አየችኝ።

«እጄ ጉልበትሽ ላይ ነበር» አለችኝ። «ልትጮሂ ትንፋሽ ስትስቢ ታውቆኛል። አፍሽን ለመያዝ ጊዜ ነበረኝ።»

ታዲያ ለምን አልያዝሽውም አልኳት። ያን ጊዜ ነርሷ ወጥታ ተራዋ እንደደረሰ በእጇ ጠራቻት። እናቴ ሻርፗን አስተካከለች፣ ትከሻዬን ተደግፋ ተነሳች፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ከዚያ ዞር ብላ፣ በከንፈር ሳይሆን በድምፅዋ፣ ጆሮ የሌለው ሰው እንደሚያወራው ከልክ በላይ ጮክ አድርጋ፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ፣

«ማጨብጨብ ሰልችቶኝ ነበር» አለችኝ።